የአእምሮ ሕመምና ሱስ፦ ሕክምናው ወደ ሠፈራችን ይምጣ

(ለጀመዓው ከተደረገ ንግግር ለዚህ መጽሔት የተዘጋጀ)

በአላህ ስም እጅግ በጣም ርኅሩኅ በጣም አዛኝ በሆነው። ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው፤ ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ስለ መስጂዳችን ግንባታና ስለ መድረሳው ሌሎች ወንድሞች በዚህ መጽሔት ጽፈዋል። እኔ የማነሣው በየቤታችን ያለውን፣ በአደባባይ ግን የማንናገረውን ጉዳይ ነው። ከመካከላችን አንዱ በስኳር ወይም በደም ግፊት ሲታመም ከጁምዓ ሶላት በኋላ ዱዓ እንድናደርግለት ይነገረናል፤ ጎረቤትም ይጠይቀዋል። ልጁ እንቅልፍ አጥቶ ብቻውን የሚያወራበት አባት ግን በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። ልጇ በመጠጥ የተያዘባት እናትም «ምን ይሉኛል?» ብላ ትደብቃለች። ሕመሙ አንድ ችግር ነው፤ ድብቅነቱ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨምርበታል። ሕክምና ሳይደረግለት የቆየ ሕመም እየከበደ ይሄዳልና።

«ጂን ነው» ስንል

ጂን መኖሩን የሚክድ ሙስሊም የለም፤ በቁርኣን የተነገረ ነውና። ነገር ግን ጂን አለ ማለት ሕመም ሁሉ ከጂን ነው ማለት አይደለም። የሚጥል በሽታን ተመልከቱ። ብዙ ቤተሰብ ልጁን ከቦታ ቦታ ሲያንከራትት ኖሮ፣ በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሲደርስ ፌኖባርቢታል በሚባል ዋጋው ቀላል በሆነ እንክብል ልጁ መውደቁን ይተዋል።

በቁርኣንና በተፈቀደ ዱዓ የሚደረግ ሩቅያ ሱንና ነው፤ ማንም አይከለክለውም። በሽተኛውን መግረፍ፣ በጭስ ማፈን፣ ማስራብና በሰንሰለት ማሰር ግን ሩቅያ አይደለም። ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ማስጣልም ሩቅያ አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ባልደረቦቻቸው እንዲታከሙ አዝዘዋል። እግሩ የተሰበረን ሰው ሕክምና ወስደን ዱዓም እናደርግለታለን፤ የአእምሮ ሕመምተኛም ሁለቱንም ይፈልጋል።

ይህ ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር የሚመስለው ካለ ታሪካችንን ይመልከት። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት አቡ ዘይድ አል-በልኺ የሚባሉት ሊቅ የአካልንና የነፍስን ጤና በአንድ መጽሐፍ አጣምረው ጽፈዋል፤ ስለ ጭንቀት፣ ስለ ፍርሃትና ስለ ሐዘንም ተንትነዋል። እ.ኤ.አ. በ1284 በካይሮ የተሠራው የሱልጣን ቀላውን ሆስፒታልም ከሌሎች ክፍሎቹ ጋር ለአእምሮ ሕሙማን የተለየ ክፍል ነበረው። የሚተዳደረውም በወቅፍ ነበር።

«ኢማኑ ደክሞ ነው» ስንል

ነቢዩ ያዕቆብ (ዐ.ሰ.) በልጃቸው በዩሱፍ ሐዘን ዓይናቸው እስኪጠፋ ድረስ አዝነዋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ኸዲጃንና አጎታቸውን አቡ ጧሊብን ያጡበት ዓመት የሐዘን ዓመት ተብሎ ይታወቃል። የነቢያት ኢማን ደካማ ነበር የሚል አለን? እንግዲያውስ ከሁለት ሳምንት በላይ ምግብና እንቅልፍ ያጣን፣ ከሥራውና ከሰው የራቀን፣ ቀድሞ ደስ ይለው የነበረ ነገር ሁሉ ያስጠላውን ሰው «ሶላትህን አጥብቅ» ብሎ ብቻ ማሰናበት አይገባም። ሶላቱን ይስገድ፤ ሐኪምም ይየው። መድኃኒት ከተሰጠውም ውጤቱ የሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ስለሆነ «አልሠራልኝም» ብሎ በሳምንቱ እንዳይጥለው አይዞህ ልንለው ይገባል።

ሞትን የሚመኝ ሰው ቢያጋጥማችሁ ደግሞ «ራስህን ለመጉዳት አስበሃል ወይ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አያሳድርበትም፤ እንዲያውም የሚያወራው ሰው በማግኘቱ ይቀለዋል። ብቻውን አትተዉት፤ ገመድና የተባይ መርዝ ከአጠገቡ አርቁ፤ በዚያኑ ቀን ወደ ሕክምና ውሰዱት። እንዲህ ያለ ሞት ከደረሰበት ቤተሰብ ለቅሶም አትሽሹ።

የጫት፣ የመጠጥና የወጣቶቻችን ነገር

ስለ ጫት ዑለማዎች ጥንትም ተለያይተዋል። ኢብኑ ሐጀር አል-ሀይተሚ በ10ኛው የሂጅራ ምዕተ ዓመት ራሱን የቻለ ድርሳን ጽፈውበታል። በአገራችንም ለሌሊት ዚክርና ለዱዓ የሚቅሙ አባቶች እንደነበሩ እናውቃለን። ዛሬ የፈትዋውን ክርክር አላነሣም፤ የማነሣው ዛሬ የምናየውን ነው። በጫቱ ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አንጎልን ያነቃቃል፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ ኃይሉ ይቀንሳልና ጫት ሁልጊዜ በጥድፊያ ወደ ገበያ ይሮጣል። ወጣቱ ከቀትር ጀምሮ ይቅማል፤ ይመረቅናል፤ ሌሊት እንቅልፍ ያጣል፤ ጠዋት ይደብተዋል፤ ድብርቱን ለማስለቀቅ እንደገና ይቅማል። የአእምሮ ሕመም ላለበት ሰው ደግሞ ብዙ መቃም ሕመሙን ይቀሰቅሳል፤ የዳነውንም ይመልስበታል።

ከዚህ የከፋው ጨብሲ ነው። ምርቃናውን ለመስበር ተብሎ መጠጥ ቤት ይገባል። በእናትና አባቱ ቤት መጠጥ አይቶ የማያውቅ የሙስሊም ልጅ ኸምርን የለመደው በዚህ በር ነው። ሕጉ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከልክሏል፤ ሠፈራችንን ግን ዞራችሁ እዩ።

ቤተሰቦች ሆይ፣ አንድ ነገር በብርቱ አደራ እላችኋለሁ። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረን ሰው ክፍል ዘግታችሁበት በአንድ ጊዜ አታስቁሙት። እንዲህ ያለ ሰው በድንገት ሲያቆም በጥቂት ሰዓታትና ቀናት ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ ያልበዋል፤ አንዳንዱን የሚጥል በሽታ እንደያዘው ይጥለዋል፤ የሌለ ነገር ያያል። ሊሞትም ይችላል። ኸምር ሐራም መሆኑ አይለወጥም፤ ግን ሰውየው የሚተወው በሐኪም ክትትል መሆን አለበት። ኸምር ራሱ በቁርኣን የተከለከለው በደረጃ እንደነበረ አስታውሱ። ደጋግሞ ጠጥቶ የቀረበን ሰው አንዱ ሲረግመው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መርገሙን ከልክለዋል፤ ሰውየው አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድም መስክረውለታል። እኛ ሱሰኛ የምንለውን ልጅ ከመስጂድ በር ስንመልሰው ወዴት እንዲሄድ ፈልገን ነው?

ከስደት የተመለሱት

በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከመቶ ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመልሰዋል፤ ከዚያም ወዲህ መመለሱ አልቆመም። ከቤይሩትም ከሌላም አገር የሚመጡ አሉ። ከእነዚህ እህቶች መካከል በሰው ቤት የደረሰባቸውን በደል ለመናገር አፍ ያጡ፣ ሌሊት የሚባንኑ፣ ከሰው የሚሸሹ አሉ። ቤተሰብ የላከችውን ገንዘብ ይቆጥራል፤ ይዛው የመጣችውን ቁስል ግን አያይም። እነዚህን እህቶች ቀርቦ የሚያዳምጥ ሴት ያስፈልጋል።

ሕክምናው የት ነው?

ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገራችን የአእምሮ ሆስፒታል ሲባል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ብቻ ነበር። ከሩቅ አገር በሽተኛውን አስሮ በአውቶቡስ ማምጣት፣ አልጋ መጠበቅ፣ ለመድኃኒት በየጊዜው መመላለስ ስንቱን ቤት አራቁቷል! ዛሬ በሌሎች ሆስፒታሎችም ክፍሎች ተከፍተዋል፤ ጤና ጣቢያዎችም ባለሙያ እያሠለጠኑ ነው። ያም ሆኖ ገና ብዙ ይቀራል።

ሥራው በቅርብ ሊሠራ እንደሚችል ግን በአገራችን ታይቷል። በጉራጌ ምድር በሶዶና በአካባቢው የተደረገ ጥናት፣ የሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ከባድ የአእምሮ ሕመም ላለባቸው ሰዎች የሚሰጡት ክትትል በሆስፒታል የአእምሮ ነርሶች ከሚሰጠው እንደማያንስ አሳይቷል። በዚያው አካባቢ በተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ሐኪም ያልሆኑ፣ ለሥራው ብቻ የሠለጠኑ ሰዎች ቤት ለቤት እየሄዱ ሕመምተኛውንና ቤተሰቡን ሲረዱ፣ በጤና ተቋም ብቻ ከታከሙት ይልቅ ሕመምተኞቹ ወደ ሥራና ወደ ማኅበራዊ ኑሮ በተሻለ ተመልሰዋል። የሁለቱም ጥናቶች ውጤት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። እዚያው አካባቢ ልጃቸውን በሰንሰለት ያሰሩ ወላጆች ለምን እንዳሰሩ ሲጠየቁ ሌላ መንገድ አለማግኘታቸውን ተናግረዋል። እንግዲህ መንገዱን ማሳየት የጎረቤት ግዴታ ነው።

ለጀመዓውና ለኮሚቴው የማቀርበው

አንደኛ፣ ከመድረሳው ክፍሎች አንዱ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ለዚህ ሥራ ይሰጥ። ከጤና ጣቢያው ጋር ተስማምተን ባለሙያው መጥቶ ሰዎችን ይይ፤ ሙስሊምም ይሁን ሌላ ጎረቤት አይመለስ።

ሁለተኛ፣ ከሠደቃው ሣጥን ለትራንስፖርትና ለመድኃኒት መጠነኛ ገንዘብ ይመደብ። ሕመምተኛው ድኻ ከሆነ ዘካ ይገባዋል።

ሦስተኛ፣ ሁለት ወንድና ሁለት ሴት ተመርጠው በባለሙያ ይሠልጥኑ፤ ቤት ለቤትም ይጠይቁ። የሰሙትን በሆዳቸው የሚይዙ ይሁኑ። ምስጢር ያወጣ አንድ ሰው የመቶ ሰው በር ያዘጋል።

አራተኛ፣ ከሱስ ለወጣ ወጣት ነጋዴዎቻችን ሥራ ይስጡት። ሥራ ያጣ ሰው ወደ በርጫው መመለሱ አይቀርም።

አምስተኛ፣ በረመዷን መድኃኒት ያላቸው ሰዎች አስቀድመው ሐኪማቸውን ያማክሩ። አንዳንዱ መድኃኒት በኢፍጣርና በሱሑር ሰዓት ሊወሰድ ይችላል፤ ሊትየም የሚባለውን የሚወስድ ግን ውኃ ሲያጣ ሊመረዝ ስለሚችል በጣም ይጠንቀቅ። ሸሪዓው ለታመመ ሰው እንዲያፈጥር ፈቅዷል። በጾም ምክንያት መድኃኒቱን አቋርጦ ሕመሙ የሚመለስበትን ሰው ዝም ብለን አንይ።

አንዳንድ ወንድሞች «መስጂዱ የእብዶች መሰብሰቢያ ሊሆን ነው» ብለዋል። መልሴ አጭር ነው፤ እነዚህ ሰዎች የእኛው ልጆች፣ ሚስቶች፣ አባቶች ናቸው፤ ዛሬም በሠፋችን መካከል አሉ። ሥጋት ያለው ሰው ሥጋቱን ለኮሚቴው ያቅርብ፤ እንመካከርበታለን። ክፍሉን ግን ከሚመጣው ረመዷን በፊት እንክፈተው።

አንተም ውድ አንባቢ፣ ይህን ጽሑፍ ስታነብ በሐሳብህ የመጣ ሰው ይኖራል። ነገ ሂድና ጠይቀው፤ ወደ ጤና ጣቢያም አብረኸው ሂድ።

አላህ (ሱ.ወ.) ሕሙማኖቻችንን ያሽርልን፤ የታሰሩትን ይፍታልን፤ አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።