ቀለም፣ ሶዳና ውኃ
በእጅ ስለሚሣል የጥጥ ጨርቅ የቀረበ ንግግር



በአገራችን በጨርቅ ላይ መሣል እንግዳ ሙያ አይደለም። የጎንደሩን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጨምሮ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት የሚታዩት ሥዕሎች በጥጥ ጨርቅ ላይ የተሣሉና ጨርቁም ከግድግዳው ጋር በማጣበቂያ የተያያዘ ነው። ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥሞ መስፋትም ቢሆን ድሪቶ በሚል ስም የታወቀ ነው። ስሙ የድህነት ምልክት ሆኖ ቢቆይም፣ በሌላው ዓለም ይኸው ሥራ በእጅ በተቀባ ጨርቅ እየተሠራ በሙዚየም ይሰቀላል። በአዲስ አበባም ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ክርና ቁልፍ እየሰፋ በሠራቸው ሥራዎች ዓለም አቀፍ ዕውቅና አግኝቷል። ዛሬ ደግሞ በሐበሻ ቀሚስ ላይ በብሩሽ የሚሣል ጌጥ ገበያ አለው።

በግድግዳ ላይ ባለው ሥዕልና በቀሚሱ መካከል ግን አንድ ታላቅ ልዩነት አለ፤ የግድግዳው ሥዕል አይታጠብም፣ ቀሚሱ ግን ይታጠባል። በመጀመሪያው እጥበት ቀለሙ የለቀቀ እንደሆነ የሠዓሊው ድካም ብቻ ሳይሆን ደንበኛውም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ጥያቄው የእጅ ጥበብ ብቻ ሳይሆን የኬሚስትሪም ነው።

ቀለምን ከጥጥ ጋር ለማዋሐድ ዋና ዋናዎቹ መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ በውኃ የማይሟሟ የቀለም ዱቄት ከማያያዣ ጋር ተደባልቆ ከጨርቁ ገጽ ላይ የሚጣበቅበት ነው፤ ከደረቀ በኋላ በጋለ ካውያ ይጸናል። ሥራው ቀላል፣ እጥበቱም ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ጨርቁን ያደርቀዋል። ሁለተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ለገበያ የቀረቡት ሪአክቲቭ የተባሉ ቀለሞች ናቸው። እነዚህ ከጥጡ ሴሉሎስ ጋር በኬሚካዊ ትስስር ስለሚዋሐዱ ልስላሴውን አይነኩም፤ ለዚህ ውሕደት ግን አልካሊ ያስፈልጋል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ጨርቁ በመጀመሪያ በአንድ ሊትር ውኃ 50 ግራም ያህል ሶዳ አሽ በሟሟበት ውኃ ይዘፈዘፋል፤ ከተጨመቀና ከደረቀ በኋላ ይሣልበታል። ቀለሙ እንዳይንጣለል የሚያወፍረው ከባሕር አረም የሚገኘው ሶዲየም አልጂኔት ነው። ስታርች ለዚህ አይሆንም፤ እርሱም እንደ ጥጡ ከቀለሙ ጋር ስለሚዋሐድ ጨርቁን አጠንክሮ ይቀራል። ከተሣለ በኋላ ጨርቁ በላስቲክ ተሸፍኖ እንደረጠበ ማደር ይኖርበታል፤ ከደረቀ ውሕደቱ ይቆማልና። እንደ አዳማ ባለ ሞቃትና ደረቅ አየር ውስጥ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። መድኃኒቱ ገበሬው በሚገባ የሚያውቀው ዩሪያ ነው፤ ከቀለሙ ጋር ሲጨመር እርጥበት ይይዛል። የቀለሙ ዱቄት የመተንፈሻ አካልን ስለሚያውክ በሚበጠበጥበት ጊዜ አፍና አፍንጫን መሸፈን ግዴታ ነው።

ሶዳውም ቢሆን ለስምጥ ሸለቆ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአብያታ ሐይቅ ዳር የሶዳ አሽ ማምረቻ ተቋቁሞ፣ የሐይቁ ውኃ በገንዳ እየተረጨ በፀሐይ ይተን ነበር። ሐይቁ ግን ከዚያ ወዲህ እጅግ ሸሽቷል፤ ለሶዳው የሚሳበው ውኃና ከዝዋይ በኩል ለመስኖ የሚጠለፈው ከምክንያቶቹ መካከል ይጠቀሳሉ። የአካባቢው ሀብት ዋጋ እንዳለው ከዚህ በላይ ምስክር አያሻም።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን ይህ ነው፤ ከጨርቁ የለቀቀው ቀለም ወዴት ይሄዳል? ሪአክቲቭ ቀለም ከጥጡ ጋር ብቻ ሳይሆን ከውኃውም ጋር ስለሚዋሐድ፣ ከፊሉ መታጠቡ አይቀርም። በሌላ አገር ፍሳሹ በወንዝ ወርዶ ባሕር ይደርሳል። አዋሽ ግን ባሕር አይደርስም፤ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። የዝዋይ ውኃ በቡልቡላ ወርዶ አብያታ ይገባል፤ ከአብያታም መውጫ የለውም። በዚህ ሸለቆ ወደ ቦይ የተደፋ ሁሉ እዚያው ይከማቻል። አዳማ የሚጠጣው ውኃ ከአዋሽ ተጠልፎ የሚጣራ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም።

መፍትሔው ሙያውን መከልከል አይደለም። በብሩሽ መሣል ጨርቁን በሙሉ ከመንከር ይልቅ ቀለምም ውኃም ይቆጥባል። እጥበቱም በሦስት ሳፋ በተራ ቢካሄድ፣ ንጹሕ ውኃ በመጨረሻው ሳፋ ብቻ እየተጨመረ ወደ ሁለተኛውና ወደ መጀመሪያው ቢዛወር፣ ፍሳሹ እጅግ ይቀንሳል። የቀረው በፕላስቲክ በተነጠፈ ጥልቀት በሌለው ገንዳ ቢጠራቀም የሸለቆው ፀሐይ ያተነዋል፤ ዝቃጩም ለብቻው ይወገዳል። ሶዳን ከአብያታ ያወጣው ዘዴ ቀለምን ከአዋሽ ሊያስቀር ይችላል ማለት ነው።

ይህን ገንዳ ለመንደፍና መጠኑን ለማስላት የሚያስፈልገው ዕውቀት በዚህ ማኅበር አባላት እጅ ይገኛል። በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂና በባቱ ያሉት ቀለም ቀቢዎች ብሩሹን ይዘዋል፤ ከመሐንዲሱ የሚጠበቀው የውኃውን ጉዳይ መያዝ ነው።