ሮም ውስጥ ቦርሳዎ ከተመነተፈ

ሮም የሚኖሩ ወገኖቻችን 64 ቁጥር አውቶቡስን በደንብ ያውቋታል። ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ወደ ቫቲካን አቅጣጫ የምትሄድ፣ በኪስ አውላቂዎች ስሟ የተነሳ መስመር ናት። በር ላይ ግፊያ ይፈጠራል፤ አንዱ መንገድ ይዘጋል፣ ሌላው ክንዱ ላይ በጣለው ጃኬት ከልሎ እጁን ይሰዳል። በሩ ሊዘጋ ሲል ዘለው ይወርዳሉ። ስለዚህ በር አካባቢ አይቁሙ፤ ቦርሳዎን ወደ ፊት ያዙሩት።

ከተሰረቁስ? ሌባውን ለማሳደድ አይሞክሩ፤ ከሕይወትዎ የሚበልጥ ስልክ የለም። መጀመሪያ ባንክ ደውለው ካርዱን ያዘጉ። ከዚያ ፖሊስ ወይም ካራቢኒየሪ ጣቢያ ሄደው ያመልክቱ፤ ክፍያ የለውም። «ዴኑንቻ» የሚባለውን ማኅተም ያለበት ወረቀት ሳይዙ ግን አይውጡ። ብዙዎች «ዕቃው እንደሆነ አይገኝ፣ ምን ያደርግልኛል?» ብለው ይተዉታል። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። የመኖሪያ ፈቃድዎ ወይም ፓስፖርትዎ አብሮ ከሄደ፣ ምትክ ሲያወጡ የሚጠየቁት ይህንኑ ወረቀት ነው። ከመፈረምዎ በፊት ስምዎ በፓስፖርቱ እንዳለው መጻፉን ፊደል በፊደል ይዩ፤ የአባትና የአያት ስም በቀላሉ ይምታታል።

ስልክዎ ገና እጅዎ ላይ ካለ፣ ዛሬውኑ ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ይጫኑ። 15 አሃዝ ያለው መለያ ቁጥር ይወጣል። ስልኩ ሲሰረቅ ለፖሊስም ለቴሌኮም ድርጅቱም የሚሰጡት እሱን ነው። እባክዎ ወረቀት ላይ ጽፈው ቤት ያስቀምጡት።