ከአእምሮ ጓዳ



ዛሬ ስለ አእምሯችን ጓዳ ላጫውታችሁ ነው የመጣሁት። አንጎላችን ውስጥ ጠለቅ ብሎ ስትራያተም የሚባል ክፍል አለ። ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር እዚያ ሲረጭ «ይህን ልብ በል፣ አንተን ይመለከታል» እንደ ማለት ነው።

ያለ ምክንያት ቢበዛስ? የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ሺቲጅ ካፑር እ.ኤ.አ. በ2003 እንዳብራሩት፣ ያኔ ተራው ነገር ሁሉ ትርጉም ያለው ይመስላል። ጎረቤት ሳቀ? በእኔ ነው! ሬዲዮ ተከፈተ? ስለ እኔ ነው! ሰውየው ለስሜቱ ምክንያት ሲፈልግ «ሊገድሉኝ ነው» ብሎ ያምናል። ይህ ዴሉዥን ይባላል። እርግጥ ሌሎች የአንጎል ክፍሎችም ድርሻ አላቸው።

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖንም ዶፓሚንን ይጨምራል። አብዝቶ የሚቅምና እንቅልፍ ያጣ ሰው ሁሉን መጠርጠር ሊጀምር ይችላል። ኤች አይ ቪም ካልታከመ ይህንኑ የአንጎል ክፍል ሊጎዳ ይችላል።

በሥራዬ ምክንያት ቤት ለቤት ስዞር እግሩ በሰንሰለት የታሰረ የእናንተ እኩያ አይቻለሁ። ቤተሰቡ ጨካኝ ሆኖ አይደለም፤ ነገሩ ሕመም መሆኑን፣ መድኃኒት እንዳለውም የነገራቸው ሰው አልነበረም። መድኃኒቶቹ የዶፓሚንን መልእክት ያረግባሉ። ጸበልና መድኃኒት ደግሞ አይጣሉም፤ የሚጠመቅ ሰው ኪኒኑን አያቋርጥ።

ጓደኛችሁ እንዲህ ቢሆን አትሳቁበት፣ «ውሸትህን ነው» ብላችሁም አትከራከሩት። ፍርሃቱ ለእሱ እውነት ነው። «ፈርተሃል አይደል? ና፣ አብረን ጤና ጣቢያ እንሂድ» በሉት።