ድሮን ገዝታችሁ ከማብረራችሁ በፊት፤ የአሜሪካ ግዛቶች ሕግና ቅጣቱ

(በሳተላይት ቴሌቪዥን ከቀረበው ሳምንታዊ ሐተታ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)



«ድሮን» የሚለው ቃል ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ በእኛ ጆሮ ጥሩ ድምፅ የለውም። አገር ቤት ያለ ቤተሰብ ደውሎ ድሮን ሲል ስለምን እንደሚያወራ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዛሬ የማነሣው ግን ያንን አይደለም። ከሱቅ በጥቂት መቶ ዶላር የሚገዛውን፣ ልጆቻችሁ ለልደታቸው የሚለምኗችሁን፣ የሠርግ ቪዲዮ አንሺው ከሻንጣው አውጥቶ ከሙሽሮቹ በላይ የሚያንዣብበውን ትንሹን ድሮን ነው። እሱ ደግሞ ሰው ባይገድልም ሰው ያሳስራል። እኛ የመጫወቻ ዕቃ እንለዋለን እንጂ የአሜሪካ ሕግ የሚያውቀው አውሮፕላን ብሎ ነው።

ከራሳችን ሰፈር ልጀምር። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው የወገኖቻችን ትልቁ መናኸሪያ ነው። ታዲያ ይኸው ቦታ በአሜሪካ ሰማይ ላይ በጥብቅ ከተዘጉት አካባቢዎች አንዱ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥታችሁ በየአቅጣጫው 15 ማይል፣ ማለትም 24 ኪሎ ሜትር ያህል ብትለኩ፣ በዚያ ክብ ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ድሮን ማንሣት ክልክል ነው። ዲሲ በሙሉ እዚያ ውስጥ ናት። ሲልቨር ስፕሪንግም፣ አሌክሳንድሪያም፣ ፎልስ ቸርችም እንዲሁ። የጓሮዬ ሰማይ ነው ብሎ ክርክር የለም። ሆን ብሎ የተዘጋ ሰማይ የጣሰ ሰው በፌዴራል ሕግ እስከ አንድ ዓመት እስራት ሊፈረድበት ይችላል። ከ15 እስከ 30 ማይል ባለው ቀለበት ውስጥ በሕጉ መሠረት ማብረር ይቻላል፤ ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት የት እንደቆማችሁ እወቁ።

ሙሽሮቻችን ደግሞ ሊንከን ሐውልት ፊት ፎቶ መነሣት ይወዳሉ። ጥሩ ነው፣ ያምራል። ነገር ግን ያ ሜዳ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ይዞታ ነው፤ መሥሪያ ቤቱም እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በሚያስተዳድራቸው ፓርኮች ሁሉ ድሮን ከልክሏል። ቅጣቱ እስከ ስድስት ወር እስራትና እስከ 5,000 ዶላር ይደርሳል። ለአንድ ደቂቃ ቪዲዮ!

ብዙ ሰው የሚያነሣው አንድ ማምለጫ አለ፤ «የተከለከለ ቦታ ቢሆን ኖሮ ድሮኑ ራሱ አልነሣም ይለኝ ነበር» የሚል። ይህ ድሮ እውነት ነበር። ገበያውን የያዘው የቻይናው ኩባንያ ዲጄአይ በተከለከለ ቦታ ድሮኑ እንዳይነሣ የሚያደርግ ሥርዓት ነበረው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ግን በአሜሪካ ያንን አንሥቶ በማስጠንቀቂያ ተካው። አሁን ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ይወጣል፣ እሺ ብላችሁ ታልፋላችሁ፣ ድሮኑ ይነሣል። ኃላፊነቱ የእናንተ ነው።

የፌዴራሉን ሕግ በአጭሩ ልለፍበት። ሰማዩ በፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር፣ ኤፍኤኤ በምንለው መሥሪያ ቤት ሥር ነው። ከ250 ግራም በላይ የሆነ ድሮን በ5 ዶላር ይመዘገባል፤ ምዝገባው ለሦስት ዓመት ያገለግላል። ለመዝናናት የሚያበር ሰው በኢንተርኔት የሚሰጠውን ነፃ ፈተና አልፎ ማስረጃውን ይይዛል። ከ400 ጫማ፣ 120 ሜትር ገደማ ማለት ነው፣ በላይ አይወጣም፤ ድሮኑንም ከዓይኑ አያርቅም። ከማርች 2024 ወዲህ ደግሞ መመዝገብ ያለበት ድሮን ሁሉ ማንነቱንና ያለበትን ቦታ በሬዲዮ እያሰራጨ መብረር አለበት። የሰሌዳ ቁጥር በሉት። «ማን አየኝ» የሚባልበት ጊዜ አልፏል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ሕግ ኤፍኤኤ በአንድ ጥፋት የሚጥለውን የገንዘብ ቅጣት ጣሪያ ወደ 75,000 ዶላር አሳድጎታል። እንግዲህ በአንድ በረራ ሦስት ጥፋት የፈጸመን ሰው አስቡት።

የኛ ልጆች የሚወድቁበት ቦታ ግን ክፍያው ላይ ነው። ሠርግ ቀርጾ ገንዘብ የተቀበለ ሰው እየተዝናና አይደለም። ሥራ ነው፣ ለሥራ ደግሞ ፓርት 107 የሚባለው የአብራሪ ፈቃድ ያስፈልጋል። «ድሮኔ ከ250 ግራም በታች ነው» ማለትም አያድንም፤ ለሥራ ከሆነ ትንሹም ይመዘገባል። በነፃ ለጓደኛው የቀረጸ እንኳ ቪዲዮውን ለንግዱ ማስታወቂያ ካዋለው ጉዳዩ ይቀየራል። ፈቃዱ የማይደረስበት አይደለም። ዕድሜ 16 መሙላት፣ እንግሊዝኛ ማንበብ፣ መናገርና መጻፍ መቻል፣ 60 ጥያቄ ያለውን ፈተና በ70 ከመቶ ማለፍ ነው፤ የፈተናው ክፍያ 175 ዶላር ነው። ዜጋ መሆን አይጠይቅም። የአንድ ሠርግ ክፍያ ሩቡን እንኳ የማይነካ ገንዘብ ነው፤ ይህን ሳያወጡ በስንት ሺህ ዶላር ካሜራ ተሸክመው የሚዞሩ ወጣቶች ነገር አይገባኝም።

በሰው ጭንቅላት ላይ ማብረርም ለብቻው ሕግ አለው። በበጋ በእግር ኳስ በዓላችን፣ ወይም ሜዳ ላይ በሚከበር መስቀል፣ ሕዝቡን ከላይ አንዣብቦ መቅረጽ የተለመደ ሆኗል። ለዚያ የሚፈቀዱት መሥፈርቱን ያሟሉ ድሮኖች ብቻ ናቸው፤ ትንሹም እንኳ የሚሽከረከረው ክንፉ ሰው እንዳይቆርጥ ሆኖ መሠራት አለበት።

አሁን ወደ ግዛቶቹ እንምጣ። ከአርባ በላይ ግዛቶች የድሮን ሕግ አላቸው። ሰማዩ የፌዴራል ከሆነ ግዛቶች ምን አገባቸው? ለዚህ መልሱ አንድ የዶሮ አርቢ ታሪክ ውስጥ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሰሜን ካሮላይና ኮዝቢ የሚባል ገበሬ ነበር። የጦር አውሮፕላኖች ወደ ጎረቤት ማረፊያ ሲወርዱ ከመሬቱ 83 ጫማ ብቻ ከፍ ብለው ያልፋሉ። ዶሮዎቹ በድንጋጤ እየበረሩ ከግድግዳ ጋር ይላተማሉ፤ 150 ያህል አለቁበት፣ የዶሮ እርባታውም ተዘጋ። ሰውየው መንግሥትን ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1946 ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ መሬት ያለው ሰው እስከ ሰማየ ሰማያት ድረስ ባለቤት ነው የሚለው የጥንት አባባል በአውሮፕላን ዘመን አይሠራም። ሁለተኛ፣ ሆኖም ከመሬቱ በላይ ሊጠቀምበት የሚችለው ያህል ሰማይ የራሱ ነው። ስንት ጫማ ድረስ? ያንን አልቆረጠም። ክርክሩ እስከ ዛሬ ያለው እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። በረራውን ፌዴራሉ ይገዛል፤ ከበረራው ጋር የሚመጣውን የግላዊነት ጥሰት፣ ድንበር መጣስና ማስፈራራት ግዛቶች ይቀጣሉ። በማሳቹሴትስ የኒውተን ከተማ ከዚህ አልፎ ድሮን በከተማው ይመዝገብ፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በግል መሬት ላይ ዝቅ ብሎ አይብረር ሲል፣ የፌዴራል ዳኛ እ.ኤ.አ. በ2017 ደንቦቹን ሽሮበታል።

ቨርጂንያ ውስጥ፣ አንድ ሰው ሆን ብሎ ድሮኑን ወደ ሌላ ሰው ይዞታ አስገብቶ ከመኖሪያ ቤቱ 50 ጫማ፣ 15 ሜትር ያህል ማለት ነው፣ ድረስ ካስጠጋና ይህንም ያደረገው ለማስፈራራት ወይም ለማዋከብ ከሆነ ወንጀል ነው። «አታምጣብኝ» ተብሎ ከተነገረው በኋላ ከሆነማ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ወንጀል ነው። ቅጣቱ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ነው። ጎረቤታችሁ አንድ ጊዜ ከተናገራችሁ ነገሩ አብቅቷል ማለት ነው። ሜሪላንድ ደግሞ ሥልጣኑን ለግዛቱ ብቻ አድርጋ ካውንቲዎች የየራሳቸውን የድሮን ሕግ እንዳያወጡ ከልክላለች።

ዳላስና ሂዩስተን ያላችሁ፣ ቴክሳስ ጠንከር ትላለች። ሰውን ወይም የግል ይዞታን ለመሰለል ብሎ በድሮን ምስል ማንሣት እስከ 500 ዶላር ያስቀጣል። ምስሉን ለሌላ ማሰራጨት ግን ይብሳል፤ እስከ 180 ቀን እስራትና እስከ 2,000 ዶላር። በዚያ ላይ የተቀረጸው ሰው በፍትሐ ብሔር 5,000፣ ምስሉ ከተሰራጨም 10,000 ዶላር ሊጠይቅ ይችላል። በነዳጅ ማጣሪያና በኃይል ማመንጫ ላይ ዝቅ ብሎ ማብረርም ለብቻው ወንጀል ነው። ጋዜጠኞች ይህ ሕግ ሥራችንን ያፍናል ብለው ከሰው እ.ኤ.አ. በ2022 ረትተው ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ገለበጠባቸው። እኔ በበኩሌ የጋዜጠኞቹ ክርክር ክብደት ነበረው ባይ ነኝ፤ ሕጉ ግን ጸንቷል።

በካሊፎርኒያ በሰው ይዞታ ላይ አስገብቶ የግል ሕይወቱን መቅረጽ ከ5,000 እስከ 50,000 ዶላር ያስከፍላል። እዚያው ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 የሎስ አንጀለስ ሰደድ እሳት ጊዜ የሆነውን ታስታውሱ ይሆናል። አንድ ሰው ሳንታ ሞኒካ ከመኪና ማቆሚያ ፎቅ ጫፍ ላይ ድሮኑን አነሣ። እሳቱን ለማየት ነበር። ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ሄዶ ከዓይኑ ጠፋ፤ ከዚያም እሳት የሚያጠፋውን የካናዳ አውሮፕላን ክንፍ በሳው። ከተማ እየነደደ አውሮፕላኑ ለጥገና ቆመ። ሰውየው ጥፋቱን አምኖ ከዐቃቤ ሕግ ጋር ባደረገው ስምምነት ከ65,000 ዶላር በላይ ካሳ ለመክፈል ተስማማ። ክፋት አልነበረውም፤ ለማየት ጓጉቶ ነው።

ግራ የሚያጋባችሁ ሌላው ነገር በግቢያችሁ ላይ የሚያንዣብብ የሌላ ሰው ድሮን ነው። መሣሪያ ያላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ አትተኩሱ። በኬንታኪ አንድ አባት እ.ኤ.አ. በ2015 ልጆቼን ሰለለብኝ ብሎ ድሮን በጥይት ጣለ፤ የአካባቢው ዳኛ ነፃ አወጣው፣ ብዙ ሰውም አጨበጨበ። በእሱ እንዳትመኩ። ቀደም ብዬ እንዳልኩት ሕጉ ድሮንን የሚያየው እንደ አውሮፕላን ነው፤ አውሮፕላን ማውደም ደግሞ በፌዴራል ሕግ እስከ 20 ዓመት የሚያደርስ ወንጀል ነው። ቪዲዮ ቅረጹ፣ ሰዓቱን ጻፉ፣ ፖሊስ ጥሩ።

ፖሊስ ራሱስ? ይህን የማነሣው እኛ ከመጣንበት አንፃር የሚያስደንቅ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፖሊስ በሄሊኮፕተር ከ400 ጫማ ላይ ሆኖ የሰው ጓሮ ለማየት የፍርድ ቤት ማዘዣ አያስፈልገውም ብሎ ነበር። ድሮን ሲመጣ ግዛቶቹ ፈሩ። ቨርጂንያ እ.ኤ.አ. በ2013 ፖሊሶቿ ድሮን እንዳይጠቀሙ ለሁለት ዓመት አገደች፣ ቀጥሎም ከተለዩ አስቸኳይ ሁኔታዎች በስተቀር ማዘዣ እንዲያወጡ አስገደደች። ፍሎሪዳም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ሕግ አወጣች። ከላይ የሚያየን መንግሥት አስቀድሞ ዳኛ ያስፈቅድ ማለት ነው።

ወገኖቼ፣ ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ለገንዘቡ ብቻ ብዬ አይደለም። ብዙ ሰዋችን ጥገኝነት ጠያቂ ነው፣ ግሪን ካርድ ያዥ ነው፣ ወይም ዜግነት እየጠበቀ ነው። የዜግነት ማመልከቻው ቅጽ ተይዘህ ወይም ተከሰህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ክሱ ተሰርዞ ቢሆን እንኳ መልሱ «አዎ» ነው፤ መደበቅ ከጥፋቱ ይብሳል። በድሮን የተከሰሰ ሁሉ ዜግነት ይከለከላል ማለቴ አይደለም። ነገር ግን የፍርድ ቤት ወረቀት መሰብሰቡ፣ ጠበቃ መያዙ፣ ከመኮንኑ ፊት ተቀምጦ ማስረዳቱ አለ። ክስ የደረሰበት ሰው «ትንሽ ነገር ነው» ብሎ ጥፋተኛ ነኝ ከማለቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር።

በመጨረሻ፣ ድሮን በሻንጣ ይዛችሁ ለምትጓዙ። የአሜሪካው ምዝገባ ከአሜሪካ ውጭ ዋጋ የለውም። የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ በአቡ ዳቢ ላይ ከደረሰው ጥቃት በኋላ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 የግል ድሮንን በሙሉ አግዳ ነበር፤ ኋላ ላይ በምዝገባና በፈቃድ መልሳ ከፈተችው፣ ያለ ፈቃድ ማብረር ግን አሁንም እስር ቤት ያስገባል። ወደ አዲስ አበባ ከሆነ ደግሞ ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር፣ ኢንሳ ከምንለው መሥሪያ ቤት፣ አስቀድሞ የተገኘ ፈቃድ ከሌላችሁ ቦሌ ጉምሩክ ላይ ይያዛል። ለእኅት ልጅ ሠርግ ብላችሁ ይዛችሁ ሄዳችሁ መመለሻችሁ ድረስ ደረሰኝ ይዛችሁ እንዳትመላለሱ፣ ፈቃዱን ከመነሣታችሁ በፊት ጨርሱ፤ ካልሆነም እዚያው ፈቃድ ያለው ቀራጭ ተከራዩ።