ስለ አንዲት ጀልባ እድሳት
(በትምህርት ቤታችን በዓል ላይ የተነገረ)



የተነሣሁት ስለ ጀልባ እድሳት ጥቂት ለመናገር ነው። ባሕር በራቀበት አገር ይህ ምን ያደርግልናል የሚል ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን መዶሻና መርፌ ለሁላችንም ዘመዶች ናቸው።

ጆሹዋ ስሎከም በ1844 በፈረንጅ አቆጣጠር በኖቫ ስኮሺያ የተወለደ የመርከብ አዛዥ ነበር። በ1892 አንድ ወዳጁ በማሳቹሴትስ፥ ፌርሄቨን በምትባል ከተማ፥ ሜዳ ላይ ተደግፋ የቆመች አሮጌ ጀልባ ሰጠው። ስሟ ስፕሬይ ነው። ስሎከም የባሉጥ ዛፍ ቈርጦ የታችኛውን አውራ እንጨት አወጣ፤ ጎድኖቿን በእንፋሎት እያለዘበ አጎበጠ፤ በጥድ ሳንቃ አለበሳት። ሥራው 13 ወር ፈጀ፤ ወጪውም 553 ዶላር ከ62 ሳንቲም ሆነ።

ከሁሉ ትዕግሥት የሚጠይቀው ግን ክፍተት መድፈን ነው። ሳንቃና ሳንቃ ሲገጥሙ በመካከላቸው ቀጭን ስንጥቅ ይቀራል። በዚያ ውስጥ መጀመሪያ ጥጥ፥ በላዩም ከአሮጌ ገመድ የተፈታ ጭረት በመዶሻ እየተመታ ይገባል። እንጨቱ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፥ ድፍኑም ይጠብቃል። ተመልካቾች «ጥጡ ተስቦ ይወጣል» እያሉ ስሎከምን ያስፈራሩት ነበር፤ አልወጣም። በዚህ ሥራ የቸኰለ ሰው በባሕር ላይ ውኃ ሲቀዳ ይውላል።

በ1895 በሚያዝያ ወር ብቻውን ከቦስተን ተነሣ። ቦነስ አይረስ ሲደርስ የሸራውን ምሰሶ ነቅሎ 7 ጫማ አሳጠረው። መልክ የሚወድ ሰው ይህን አያደርግም፤ ከፊቱ ያለውን ነፋስ የሚያውቅ ግን ያደርገዋል። በ1896 በመጋቢት ከማጌላን ወሽመጥ እንደ ወጣ ማዕበል ያዘው፤ ዋናው ሸራ ተበጣጠሰ። በዚያ ቦታ ሸራ ሰፊ ጥሩልኝ አይባል! ስሎከም መርፌውን አንሥቶ ጨርቅ በጨርቅ ላይ እየደረበ ሰፋ።

ሰዓቱ ፊቷ የተሰበረ፥ በ1 ዶላር የተገዛች የቆርቆሮ ሰዓት ነበረች። አልሄድ ስትለው በፈላ ውኃ ቀቀላትና ሄደች። (ይህን በአባቶቻችሁ ሰዓት እንዳትሞክሩ!)

በ1897 በታዝማኒያ፥ ዴቨንፖርት፥ ጀልባዋን ወደ ዳር አውጥቶ ሆዷን መረመረ። በሞቃት ባሕር እንጨት እየቦረቦረ የሚበላ፥ ትል የሚመስል ፍጥረት አለ፤ ከላይ ሲያዩት ቀዳዳው ኢምንት ነው፥ ውስጡ ግን ወንፊት ይሆናል። ስሎከም አንድም አላገኘም። ሆኖም መዳብ ያለበት ቀለም ደግሞ ቀባት፤ ከፊቱ የሚጠብቀው ሞቃት ባሕር ነበርና።

በ1898 ሰኔ 27 ቀን፥ ወደ 46,000 ማይል ከተጓዘ በኋላ፥ ኒውፖርት ገባ። ዓለምን ብቻውን በጀልባ የዞረ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ስሎከም አረጀ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ስፕሬይን ያዩ ሰዎች እንደ ቀድሞው እንዳልተጠበቀች፥ ገመዷም እንዳረጀ ተናግረዋል። በ1909 ዳግመኛ ብቻውን ወደ ደቡብ ተነሣ። እርሱንም ጀልባዋንም ከዚያ ወዲህ ያየ የለም።