ሁለትና ሰባት

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከመካከላችን አማርኛ ብቻ ይዘን እንጅባራ የገባን ብዙዎች ነን። ዘንድሮ በአዊኛ ዋጋ መጠየቅ ጀምረናል። በአዊኛ 2 «ላጛ»፣ 7 «ላጜታ» ነው። የ«ጛ» ድምፅ በአፍንጫ ስለሚወጣ ለእኛ ምላስ ያስቸግራል። አንድ ቀን ሁለት ኪሎ ድንች ልንገዛ ሄደን «ላጜታ» ብለን ጠየቅን፤ ሻጯ እናት ሰባት ኪሎ መዘኑልን። ስህተታችን ሲገባቸው ከልብ ሳቁና በጣታቸው እየቆጠሩ አስተማሩን።

ያን ቀን አንድ ነገር ተረዳን። እኛ ስንሳሳት የሚተርፈን ሳቅና አምስት ኪሎ ድንች ነው። እኚያ እናት ግን ከገጠር ተሸክመው መጥተው፣ በቅጡ በማይችሉት አማርኛ ሲደራደሩ አንዲት ቁጥር ቢሳሳቱ የሚጎድለው የልጃቸው ደብተር ነው።

ስለዚህ አዊኛ የምትችሉ እህቶቻችን፣ ከየስብሰባው በኋላ ለአስር ደቂቃ ቁጥር አስቆጥሩን። እኛም እንጅባራም ሆነ ዳንግላ ገበያ ስንወጣ፣ አስቀድመን በሻጮቹ ቋንቋ እንጠይቅ። መንተባተቡ የእኛ ይሁን።