መድፍ ምሽግ አይዝም
(ስለ ጦር ጨዋታ ደንብ ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



የጨዋታ ነገር በዚህ መድረክ ላይ መነሣቱ ለአንዳንዶቻችሁ ቀልድ ይመስላችሁ ይሆናል። እኛ ግን ጥቂት ተማሪዎች ሆነን የመቀሌን ምሽግ ከበባ በካርቶን ገበታ ላይ ለማጫወት ደንብ ስናወጣ፣ ከሁሉ ይልቅ ያከራከረን የመድፍ ድብደባ ስለሆነ፣ ክርክሩን ወደ እናንተ ማምጣት ወደድን።

ችግሩ የሚጀምረው ከተራው ነው። በእውነተኛ ጦርነት ሁለቱ ወገኖች በአንድ ጊዜ ይተኩሳሉ። በገበታ ላይ ግን አንዱ ሲጫወት ሌላው እጁን አጣምሮ ይጠብቃል። በአገራችን ሰንጠረዥ ይህ ብዙም አያስቸግር፤ የሚበላ ሁሉ ወደሚበላበት ቤት ራሱ መግባት አለበት፤ ከገባም በኋላ በተራው ሊበላ ይችላል። (በነገራችን ላይ አባቶቻችን በወረራው ጊዜ፣ አንድ መጫወቻ እስኪበላ ድረስ፣ ተራ የሚባል ነገር አያውቁም ነበር።) መድፍ ሲመጣ ግን ይህ ሚዛን ይፈርሳል። መድፍ ሦስት ቤት ርቆ ይመታል፤ የተመታውም መልስ መስጫ የለውም። እንግዲህ ደንቡ «መድፍ ይተኩስ፣ ዳይስ ይጣል፣ የተመታው ጉልበቱ እስኪያልቅ ይቀነስ» ቢል፣ ባለመድፉ እግረኛ ምን ያደርግለታል? ከሩቅ ተቀምጦ ዳይስ ይጥላል፤ ባላጋራውም መጫወቻዎቹን አንድ በአንድ ከገበታው ያነሣል። ይህ የሒሳብ ሹም ሥራ ነው እንጂ ጦርነት አይባልም።

ጥያቄውን የጀመርነው እኛ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ1824 የፕሩሲያው መኮንን ፎን ራይስቪትስ ባወጣው የጦር ጨዋታ የመድፍ ጉዳት በዳይስና በተሰላ ዝርዝር ይለካ ነበር። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ ደግሞ በ1913 ባሳተመው የጨዋታ መጽሐፍ፣ የሞላ መድፍ እውነተኛ የእንጨት ጥይት እየተኮሰ የመጫወቻ ወታደሮችን እንዲጥል አደረገ። ደስ ይላል፤ ነገር ግን በዚህ ደንብ ዓይኑ ያነጣጠረለት ልጅ ሁሉ ጄኔራል ነው።

በኮምፒዩተር ከሚጫወቱት መካከል ብዙዎቻችሁ የምታውቁት «ሲቪላይዜሽን» ይህንኑ ችግር በየዕትሙ በተለያየ መንገድ ሊፈታው ሞክሯል። በ2001 በወጣው በሦስተኛው፣ የምድር መድፍ ጠላትን ያዳክማል እንጂ የመጨረሻዋን ጉልበት አይነጥቅም፤ ራሱንም መከላከል አይችልም፤ ጠባቂ ከሌለው ጠላት መጥቶ እንደ ከብት ይነዳዋል። በ2005 በወጣው በአራተኛው፣ ድንጋይ ወርዋሪው መሣሪያ ራሱ ገብቶ ይዋጋል፤ አብረው የተከማቹትን ብዙዎች ያቆስልና አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ይቀራል። በ2010 በወጣው በአምስተኛው ደግሞ ሁለት ቤት ርቆ ያለ መልስ ይመታል፤ ይሁን እንጂ ከመተኮሱ በፊት መተከል አለበት፤ ከተማዋን የሚይዘውም ቀርቦ የሚዋጋ ጦር ብቻ ነው። እኛ የሦስተኛውን መረጥን። የአራተኛው መድፈኛን አጥፍቶ ጠፊ ያደርገዋል፤ የአምስተኛው ከእርሱ ይሻላል፤ ነገር ግን በብልህ እጅ ባለመድፉ አሁንም ከሩቅ ይጨርሳል።

ምርጫችንን ያጸናልን ታሪኩ ራሱ ነው። በ1888 ዓ.ም. ሻለቃ ጋሊያኖ በመቀሌ እንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ ተከቦ ሳለ፣ የኢትዮጵያ ጦር መድፍ ነበረው፤ ጀግናም አልጎደለውም። ምሽጉን ግን መድፉም ብቻውን አልሰበረውም፤ ወደ ግንቡ የሮጠውም ወታደር ብዙ ሰው ወድቆበት ተመለሰ። የምሽጉ ድካም የውሃው ምንጭ ከግንቡ ውጭ መሆኑ ነበር። በእቴጌ ጣይቱ ምክር እንደሆነ የሚነገርለት ዘዴ፣ ምንጩን መያዝ፣ የጠላትን ጉሮሮ አነቀው፤ በጥር ወር ጋሊያኖና ወታደሮቹ ምሽጉን ለቀው ወጡ።

ስለዚህ በገበታችን ላይ መድፍ ከአንድ ጉልበት በታች አያወርድም፤ የቀረችውን የሚወስድ እግረኛ ነው። የተጓዘ መድፍ በዚያው ተራ አይተኩስም፤ በአጠገቡ እግረኛ የሌለውም ይማረካል። ጥይቱ የተቆጠረ ስለሆነ የጨረሰ ባለመድፍ በቅሎዎቹ እስኪደርሱለት ይጠብቃል። የተደበደበ ጦር ግን በሚቀጥለው ተራው አይንቀሳቀስም፤ የመድፍ ትልቁ ጥቅም መግደሉ ሳይሆን ጠላትን አንገት አስደፍቶ ለእግረኛው መንገድ መክፈቱ ነው ብለን እናምናለን። ምንጩን የያዘ ወገን በየተራው ከምሽጉ አንድ ጉልበት ይቀንሳል። ይህ ደንብ ከገባ በኋላ ባለመድፉ ተቀምጦ ዳይስ መጣሉን ትቶ ሰው ወደ ምንጩ መላክ ይጀምራል፤ የምሽጉ አዛዥም ወጥቶ ልዋጋ ወይስ ልጠማ እያለ ይጨነቃል። እኛም የፈለግነው ይህንኑ ጭንቀት ነበር።

ያልተስማማንበት አንድ ነገር ቀርቷል። የመቀሌው ጨዋታ በምሽግና በወታደር ብቻ ይካሄዳል፤ ደንቡ ለሌላ ጦርነትም እንዲያገለግል ግን ከተማ በገበታው ላይ መግባት ይኖርበታል። በዚያ በሦስተኛው «ሲቪላይዜሽን» ድብደባው ከተማ ሲያገኝ የነዋሪው ቁጥር ከሰባት ወደ ስድስት ዝቅ ይላል፤ ተጫዋቹም ሻዩን እየጠጣ ያልፈዋል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ፣ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታል እንኳ ከቦምቡ አልተረፈም፤ አያቶቻችን የነገሩን ይህን ነው። ከመካከላችን ግማሾቹ «ነዋሪን መምታት በደንቡ ጨርሶ ይከልከል» ይላሉ። ግማሾቻችን ደግሞ «የተከለከለ ነገር ተጫዋቹን ንጹሕ ያስመስለዋል፤ ይልቅስ ይፈቀድ፣ ግን ምንም ጥቅም አይገኝበት፤ የወደቀው ቤትም እስከ ጨዋታው ፍጻሜ ተገልብጦ ከዓይኑ ፊት ይቀመጥ» እንላለን።

በሁለቱም ደንብ እያፈራረቅን ስለምንሞክር ተጫዋቾች ያስፈልጉናል። የከባቢውን ወገን ለመያዝ የተመዘገበው ብዙ ነው፤ ምሽጉን የሚጠብቅ ግን እስካሁን አልተገኘም። ጣልያን ልሁን የሚል ጠፍቷል።